መብራት ድንገት በሚሄድበት ከተማ የትኛውን «የማይነካ» ሊኑክስ እንጫን?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጓደኛዬ ጽሕፈት ቤት አለችው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የእድር ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እዚያ የማይጻፍ ነገር የለም። ባለፈው ክረምት አንዱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም) ራሱን እያደሰ ሳለ መብራት ሄደ። ባትሪ የለ፣ ጄኔሬተር የለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ዘርግቶ ቀረ። ግማሹ ፕሮግራም አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ። ወረፋ የያዙት ተማሪዎች ፍላሻቸውን ይዘው ጎረቤት ገቡ።

«በቃ ፎርማት አድርግልኝ» አለኝ።

እኔ መቼም እንጀራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ቢሆንም አንዱን ማሽን በዓመት ሦስቴ ፎርማት ማድረግ ያሳፍራል። በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ሶፍትዌር የምትማረው የእህቴ ልጅ ደወለች። «አጎቴ፣ ይሄ አይበላሽም የሚሉት ሊኑክስ እውነት ነው እንዴ? የትኛውን ልጫን?»

የማይበላሽ ነገርስ የለም። «የማይነካ» ብንለው ይሻላል። ለእሷ የመለስኩትና ለጓደኛዬ የጫንኩለት ግን አንድ አይደለም። ለምን እንደተለያየ ልንገራችሁ።

የማይነካ ሲባል

በተለመደው ሊኑክስ ፕሮግራም ስትጭኑ ፋይሎቹ ከሲስተሙ ፋይሎች ጋር ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። አፕዴት ሲመጣም እየሠራ ባለው ሲስተም ላይ ፋይል በፋይል ይተካል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ጓደኛዬን ያገኘው ይኸው ነው።

የማይነካው ሊኑክስ ሲስተሙን እንደ አንድ ሙሉ ጥራዝ ያየዋል። ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። አፕዴት ሲመጣ አዲሱ ጥራዝ ጎን ለጎን ይዘጋጃል። ተዘጋጅቶ ሲያልቅ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ አዲሱ ትሻገራላችሁ። ዝግጅቱ መሃል መብራት ቢሄድ አሮጌው እንዳለ አለ። አዲሱ ካልተስማማችሁም ወደ አሮጌው መመለስ ይቻላል።

ታዲያ ፕሮግራም የት ይጫናል? እንደ ሊብረኦፊስ (ሰነድ መጻፊያው) እና ቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻው) ያሉት በፍላትፓክ ይገባሉ። ፍላትፓክ ማለት ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ፣ ሲስተሙን ሳይነካ ለብቻው የሚቀመጥበት መንገድ ነው። የኮድ ሥራ መሣሪያዎች ደግሞ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባሉ።

ኮንቴይነር ሲባል የቅኔ ተማሪ ጎጆ ትዝ ይለኛል። ዋሸራ ወይም ዲማ የደረሰ ሰው ያውቃታል። ተማሪው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆውን ይቀልሳል። ተምሮ ሲሄድ ጎጆዋ ትፈርሳለች ወይም ለሌላ ተማሪ ትተላለፋለች። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ግን ማንም አይነካውም። ኮንቴይነርም እንዲሁ ነው። ውስጡ የፈለጋችሁትን ትጭናላችሁ፤ ቢበላሽ አፍርሳችሁ ሌላ ትቀልሳላችሁ።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። እነዚህ ሊኑክሶች የሚሰጧችሁ ኮንቴይነር አብዛኛውን ጊዜ የራሳችሁን የፋይል ማኅደር ያያል። ስለዚህ ኮንቴይነር ውስጥ ሆናችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ብትሰርዙ፣ ተሰርዟል። ሲስተሙን ወደ አሮጌው መመለስም የጠፋ ሰነድ አይመልስም። የሚመለሰው ሲስተሙ ብቻ ነው። ሰነዳችሁን ፍላሽ ላይ መገልበጡ እንደ ድሮው የእናንተ ሥራ ነው።

እኛ ጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው

ንጽጽሮች ብዙ ጊዜ ስለ መልክ ነው የሚያወሩት። መስኮቱ ያምራል፣ አይኮኑ ያምራል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለአፕዴት ስንት ጊጋባይት ያወርዳል? ሳይጠይቀኝ ያወርዳል ወይ? ኢንተርኔት ሲጠፋ በፍላሽ ማደስ ይቻላል? በፓኬጅ የሚኖር ሰው ሌሊት ላይ ኮምፒውተሩ በራሱ ፈቃድ 2 ጊጋባይት ቢያወርድበት ጠዋት ወዳጅነታቸው ያበቃል።

ከማውረዱ ጀርባ ያለውን አሠራር ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከማይነኩት መካከል ፌዶራ ከሚባለው የሊኑክስ ቤት የሚወጡት ሲልቨርብሉና ወንድሙ ኪኖይት ኦስትሪ በሚባል ዘዴ ይሠራሉ። ኦስትሪ ፋይሎችን አንድ በአንድ ያያል፤ አፕዴት ሲመጣ የተቀየሩትን ፋይሎች ብቻ ያመጣል። በሁለቱ ጥራዞች ውስጥ አንድ ዓይነት የሆነ ፋይልም ዲስክ ላይ ሁለቴ አይቀመጥም። በሌላ በኩል ቫኒላ ኦኤስ 2፣ ብሉፊንና ባዚት የሚባሉት ሌሎች የማይነኩ ሊኑክሶች ሲስተሙን በኮንቴይነር ምስል፣ ማለትም እንደ ኮንቴይነር ታሽጎ በሚመጣ ሙሉ ቅጂ፣ ነው የሚያሰራጩት። ምስሉ በንብርብር የተሠራ ነው። አንድ ንብርብር ውስጥ አንዲት ፋይል ብትቀየር ንብርብሩ በሙሉ ይወርዳል። የባዚትና የብሉፊን ሰዎች ንብርብሮቹን አሳንሰው ጉዳቱን ለመቀነስ ይሠራሉ፣ ልዩነቱ ግን ፓኬጃችሁ ላይ ይታያል።

ቫኒላ ኦኤስ 2፦ ለተማሪዋ

የቫኒላ የመጀመሪያው እትም ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወጣ፤ መሠረቱ ኡቡንቱ የሚባለው የታወቀ ሊኑክስ ነበር። ሁለተኛው፣ «ኦርኪድ» የሚባለው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደረሰ። ስሙ ቀጠለ እንጂ ከውስጥ ሌላ ሲስተም ነው ማለት ይቻላል። መሠረቱ ወደ ዴቢያን ሲድ (የዴቢያን ሊኑክስ አዳዲሱ ነገር ቀድሞ የሚገባበት ክፍል) ተቀየረ። ሲስተሙም በኮንቴይነር ምስል መልክ መምጣት ጀመረ።

አሠራሩን ለማስረዳት ቀላል ነው። ዲስኩ ላይ ሁለት የሲስተም ክፍሎች አሉ፣ ሀ እና ለ እንበላቸው። ሀ ላይ እየሠራችሁ ሳለ አፕዴቱ ለ ላይ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ለ ይሻገራል። በሚቀጥለው ዙር ተራው የሀ ነው። ይህን የሚያስተዳድረው ኤቢሩት የሚባል መሣሪያ ነው። ዲስካችሁ ጠባብ ከሆነ ግን ሁለት ክፍል መያዙ ይሰማችኋል።

የእህቴን ልጅ ወደ ቫኒላ የመራኋት በአንድ ምክንያት ነው። ተርሚናሉን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ስትከፍት በቀጥታ የምትገባው ዴቢያን ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ፕሮግራም የሚጭነው የተለመደው የአፕት ትእዛዝ እዚያ ይሠራል። ክፍል ውስጥ የሚታደለው ሃንድአውት ደግሞ አብዛኛው ከዴቢያን ለተወለደው ለኡቡንቱ የተጻፈ ነው። ስለ ኮንቴይነር ምንም ሳታነብ መምህሯ የጻፈላትን ትእዛዝ ትገለብጣለች፣ ይሠራል። ሲድ ውስጥ ያሉት እትሞች ግን በጣም አዲስ ናቸው። አሮጌ እትም የሚፈልግ ፕሮጀክት ካለ አፕኤክስ በሚባለው መሣሪያ የኡቡንቱ ጎጆ መቀለስ ይቻላል። ፌዶራም፣ አርችም ይቻላል። ሦስቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይሰማም። የአንድሮይድ መተግበሪያም ያስነሳል፣ ይቺ ግን ጠንከር ያለ ማሽን ትፈልጋለች።

አልደብቃችሁም፣ ስጋትም አለኝ። ቡድኑ ትንሽ ነው። ከመጀመሪያው እትም እስከ ሁለተኛው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቷል። ችግር ሲገጥማችሁ ጎግል ላይ የምታገኙት መልስም ከፌዶራው ያንሳል። የእህቴ ልጅ ግን የግቢ ዋይፋይ አላት፣ ሌሊት ታወርዳለች። ነገር ፈልፍላ ማወቅም ትወዳለች። ለእሷ ይሆናል ያልኩት ለዚህ ነው። ለጓደኛዬ ጽሕፈት ቤት ግን በፍጹም።

ሲልቨርብሉ ወይስ ኪኖይት፦ ለጽሕፈት ቤቱ

ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው። ሲልቨርብሉ በዚህ ስም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ መልኩ ግኖም ነው። ኪኖይት በኋላ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከፌዶራ 35 ጋር የመጣ ሲሆን መልኩ ኬዲኢ ነው። ኬዲኢ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም። ታች በግራ ሜኑ አለ፣ ታች አሞሌ አለ። ጓደኛዬ ዕድሜውን ሙሉ ዊንዶውስ የነካ ሰው ስለሆነ ኪኖይትን ልጭንለት ነበር።

ያስቀየረኝ አማርኛ መተየብ ነው። ጽሕፈት ቤት ያለ አማርኛ ዳቦ የሌለው ዳቦ ቤት ነው። ሲልቨርብሉ ላይ ከቅንብሩ የኪቦርድ ገጽ ገብታችሁ አማርኛን ትጨምራላችሁ፣ አለቀ። «ሴራ» የሚባለው አሠራር ቃሉን በላቲን ፊደል እንደሚሰማው ስትጽፉት ግዕዝ አድርጎ ያወጣዋል። ኪኖይት ላይም ይሠራል፣ ግን አንድ ሁለት ቦታ ቅንብር መነካካት ይጠይቃል። ነገ ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነው። ስለዚህ ሲልቨርብሉን ጫንኩለት። አንድ ሳምንት ሙሉ «ስታርቱ የት ሄደ?» እያለ ሲረግመኝ ከረመ።

የፓወር ግዕዝ ነገርም አለ። ድሮ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ፋይሎች ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚያነበው የፊደል ሥርዓት) አይደሉም፤ ፊደሉ (ፎንቱ) ከሌለ የሚታየው የላቲን ኮተት ነው። መፍትሔው ፊደሉን ኮምፒውተሩ ላይ ማስገባት ነው። «ሲስተሙ አይጻፍበትም ካልክ ፊደል እንዴት ይገባል?» ብሎ ጓደኛዬ ሊያፋጥጠኝ ሞክሮ ነበር። ፊደል የሚቀመጠው በራሳችሁ ማኅደር ውስጥ ነው። ፋይሉን ትከፍታላችሁ፣ ጫን የሚለውን ትነካላችሁ፣ ፍላትፓኩ ሊብረኦፊስም ያየዋል። አዲስ የሚጻፈውን ግን በዩኒኮድ ጻፉት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ያመሰግናችኋል።

አሁን ስለ ጊጋባይት። የሲልቨርብሉ መጫኛ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው። ፋየርፎክስ አብሮ አለ። ሊብረኦፊስ አብሮ የለም፤ በፍላትፓክ ይወርዳል። የመጀመሪያው ፍላትፓክ ሁልጊዜ ውድ ነው፣ ምክንያቱም የጋራ መሠረቱን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዚያው መሠረት ላይ ስለሚቆሙ ይቀላሉ። ቪዲዮ የሚያይ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ፌዶራ በፓተንት ምክንያት አንዳንድ የተለመዱ የቪዲዮ ዓይነቶችን የሚያጫውት ነገር አብሮ አይሰጥም። ቪኤልሲን ከፍላትሃብ (ፍላትፓኮች ከሚወርዱበት ድረ ገጽ) ማውረድ ይገላግላችኋል። ለዚህም መጀመሪያ ሲነሳ የሶስተኛ ወገን ምንጮችን ፍቀዱ ሲላችሁ እሺ በሉት።

ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል። አንዱ እትም ድጋፍ የሚያገኘው ለ13 ወር ያህል ነው። እኔ አንዱን እያለፍኩ በዓመት አንዴ አሻግራለሁ። መሻገሩ ከሳምንታዊው አፕዴት በጣም የሚበልጥ ማውረድ ስላለው ዋይፋይ ያለበት ቦታ ማሽኑን ተሸክሞ መሄድ ያዋጣል። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ግንኙነቱ የተገደበ መሆኑን የሚናገረውን ቁልፍ አብሩት። ያኔ በጀርባ ማውረዱን ይተወዋል።

ፕሪንተር፣ ያ የኛ መከራ

ከሁሉም በላይ ጊዜዬን የበላው ይህ ነው። አዲስ ፕሪንተር ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይሠራል፤ ትሰካላችሁ፣ ታትማላችሁ። ጽሕፈት ቤቶቻችን ውስጥ ያሉት ግን አሮጌዎቹ ናቸው፣ አምራቹ የሠራላቸው የራሳቸው ድራይቨር ካልገባ ወረቀት የማይነኩ። እንደ ካኖን ኤልቢፒ 6030 ያሉት ከዚህ ወገን ናቸው። እንዲህ ያለ ድራይቨር የሚገባው ሲስተሙ ውስጥ ነው። ሲስተሙ ደግሞ አይጻፍበትም።

መውጫ አለ። ሲልቨርብሉ ላይ ድራይቨሩ በአርፒኤም ጥቅል (ፌዶራ በሚያውቀው የመጫኛ ፋይል ዓይነት) ከተገኘ በሲስተሙ ላይ ደርቦ መጫን ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በየአፕዴቱ አብሮ እየተደረበ ይሄዳል። ቫኒላ ላይም በኤቢሩት በኩል ጥቅል መጨመር ይቻላል። ድርቡ ሲበዛ አፕዴቱ እየዘገየ ይሄዳል፤ ስለዚህ ፕሪንተር ብቻ ደርቡ፣ ሌላውን በፍላትፓክና በኮንቴይነር ጨርሱ። ድራይቨሩ ጥቅል ሳይሆን ፋይሉን ራሱ ሲስተሙ ውስጥ የሚበትን መጫኛ ከሆነ ግን አትድከሙ። ለዚያ ማሽን የማይነካው ሊኑክስ አይሆንም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ

ብሉፊን፣ ኦሮራና ባዚት የፌዶራን መሠረት ወስደው ድራይቨሩን፣ ኮዴኩን (ቪዲዮ የሚያጫውተውን)፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች መሣሪያውን ቀድመው ሞልተው የሚያቀርቡ ናቸው። ኒቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ድራይቨሩ አብሮ የገባበትን ምስል ይመርጣል፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ባዚት ለጌም ነው። ግን ምስላቸው ከሲልቨርብሉ በእጅጉ ይከብዳል፤ አፕዴትም በራሳቸው በጀርባ ያወርዳሉ። ያልተገደበ ኢንተርኔት ካላችሁ ከሁሉም የሚመቹት እነሱ ናቸው። በፓኬጅ ከሆናችሁ እለፏቸው።

ኦፕንሱሰ ከሚባለው የሊኑክስ ቤት የሚወጣው ኤዮን ሌላ መንገድ ነው። ከያንዳንዱ አፕዴት በፊት ያለውን የሲስተሙን ሁኔታ ቢቲአርኤፍኤስ በሚባለው የዲስክ አያያዝ ቅጽበታዊ ቅጂ አድርጎ ይይዛል። ንጹሕ ሥራ ነው። ነገር ግን መሠረቱ ተምብልዊድ ነው፣ ማለትም አፕዴቱ ማቆሚያ የለውም። ሙሉ ዲስኩንም ለብቻው ይፈልጋል፤ ዊንዶውስን ጎን አስቀምጬ ልሞክረው ለሚል ሰው አይሆንም።

የኮምፒውተር ላብ ያለው ትምህርት ቤት

ሞጣ ወይም ቢቸና ያለ፣ ኢንተርኔት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን የሚጠፋበት ትምህርት ቤት ከሆነ ኤንድለስ ኦኤስን ተመልከቱ። ዴቢያን ላይ የቆመ ነው፤ እንደ ሲልቨርብሉ በኦስትሪ ይሠራል። ከመነሻው የታሰበው ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ነው። ሲስተሙን በፍላሽ ማደስ ይቻላል። አንድ መምህር ባሕር ዳር ሄዶ አንድ ማሽን ያድሳል፣ አፕዴቱን ፍላሽ ላይ ይገለብጣል፣ ላብ ያሉትን ማሽኖች በዚያች ፍላሽ ያዳርሳል። አማርኛ የትምህርት ይዘት ግን አብሮት አይመጣም፤ እሱን ራሳችሁ ትሞላላችሁ።

ፌዶራንም በዚህ መንገድ ማስኬድ ይቻላል። ፍላትፓክ ፕሮግራሞችን ፍላሽ ላይ የሚገለብጥ የራሱ ትእዛዝ አለው። እንደ ብሉፊን በኮንቴይነር ምስል የሚመጡት ደግሞ ላብ ውስጥ ጥሩ ጎን አላቸው፦ አንዱን ኮምፒውተር የምስል ማከማቻ አድርጋችሁ 30ውን ማሽን በላቡ ኔትወርክ ከእሱ እንዲያወርዱ ማድረግ ትችላላችሁ። ከውጭ የሚወርደው አንዴ ብቻ ነው። ቅድም ያማረርኩበት ንብርብር እዚህ ላይ ጌታ ይሆናል። ይህን የሚሠራ አንድ የኔትወርክ ሰው ግን ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ኤንድለስና ፍላሽ።

ማን አይጫን?

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ ስላበቃ ብዙ ሰው አሮጌ ማሽኑን ይዞ ይመጣብኛል። ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ዲስኩ የሚሽከረከረው አሮጌው ዓይነት። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ከላይ ከጠራኋቸው አንዱንም አልጭንም። ግኖምና ፍላትፓክ አብረው ራሙን ይጨርሱታል። ለእሱ ሊኑክስ ሚንት በኤክስኤፍሲኢ መልኩ ይበቃዋል፤ ለመብራቱ ደግሞ አቅም ከተገኘ ትንሽ ዩፒኤስ። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ወደዚህ ኑ።

የተለየ የሒሳብ ወይም የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ለዊንዶውስ ብቻ ያለው ሱቅም ይቆይ። መጀመሪያ ያ ፕሮግራም ምን ይሁን የሚለው ይመለስ።

የመጨረሻ አንድ ነገር፣ ከመጫን በፊት የሚደረግ። የሲልቨርብሉ መጫኛ ሳይጫን መሞከር አይቻልም፤ በቀጥታ ወደ መጫን ነው የሚገባው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ተራውን ፌዶራ ወርክስቴሽን በፍላሽ አስነሳለሁ። እሱ ሳይጫን ይሠራል፣ ውስጡም ከሲልቨርብሉ ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ዋይፋዩን አያለሁ፣ ድምፁን አያለሁ፣ ስክሪኑን አጥፍቼ አበራለሁ፣ አንድ ገጽ አትማለሁ። ጓደኛዬ ጋ ሁሉም ሠራ፣ ፕሪንተሩ ግን ዝም አለ። ድራይቨሩን ፈልጌ አርፒኤሙን ካገኘሁ በኋላ ነው ዲስኩን ያጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ መብራት አፕዴት መሃል ሁለት ጊዜ ሄዷል። ሁለቱንም ጊዜ የሰማሁት ቡና እየጠጣን ሲያወራኝ ነው።